አሥራ ሁለት ቃላት ለአንዲት ጀልባ

ጀልባዋን የሸጥኳት ለገንዘቡ ብዬ አይደለም። ባሌ ሲበ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ጀልባዋ ራይን ወንዝ ዳር ታስራ ዝናብ ሲወርድባት ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ስለዚህ ማስታወቂያ አወጣሁ። ቲመን የሚባል ጢሙን ያንዠረገገ የአርንሄም ልጅ መጣ፤ ወለሉን ረገጥ ረገጥ፣ ሞተሩን አስነሳ አጠፋ አደረገና፣ "እማማ፣ ስድስት ሺህ ዩሮ እሰጥዎታለሁ፤ ግን በቢትኮይን ቢሆንልኝ ደስ ይለኛል" አለኝ።

"እማማ አትበለኝ፤ ስሜ አልትየ ነው" አልኩት። "ደግሞ ይኼ ቢትኮይንህ የት ነው የሚቀመጠው?"

"ዋሌት የሚባል የቢትኮይን ቦርሳ ይከፍታሉ፤ እኔ እዚያ እልክልዎታለሁ። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ የሚስማማዎትን መምረጥ ግን የርስዎ ፋንታ ነው።"

እኔ ያልገባኝ ነገር ሲያጋጥመኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። አርባ ዓመት ሙሉ በዚሁ በአርንሄም ከተማ የትሮሊ አውቶቡስ ስነዳ እንኳ ኤሌክትሪኩ ከላይ ካለው ሽቦ ወርዶ ጎማውን እንዴት እንደሚያሽከረክር ካልነገራችሁኝ ብዬ መካኒኮቹን አሰልችቻቸዋለሁ። "እሺ፤ ሁለት ሳምንት ስጠኝና መርጬ እደውልልሃለሁ" አልኩት።

ልጄ ማክቴልት ይህን ስትሰማ እሳት ጎረሰች። ኢንሹራንስ ቢሮ ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው አደጋ ስታነብ ትውላለች። "እማዬ፣ አብደሻል እንዴ! ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት እኮ ይኼ ነው!"

"ወተቷን ባላይም ላሚቱን ልያት" አልኳት።

"ስሚኝ፣ እየቀለድኩ አይደለም። ይህን ገንዘብ ካጠፋሽው የባንክ ነገርሽን በሙሉ እኔ ነኝ የምይዘው። ካርድሽንም፣ ፊርማሽንም።"

"ካላጠፋሁትስ?"

"ሁለተኛ አፌን አልከፍትም።"

እጅ ለእጅ ተመታትተን ተወራረድን። ከሄደች በኋላ ግን ፍርሃት ፍርሃት አለኝ። ስድሳ መንገደኛ ጭና በበረዶ ስትነዳ የኖረች ሴት የዳቦ መግዣ ከልጇ ልትለምን? ሞቼ ነው ቆሜ!

ጎረቤቴ ሉበርት ጡረታ የወጣ ቁልፍ ሠሪ ነው። ስለ ቢትኮይን የሚያውቀው እኔ የማውቀውን ያህል ነው፣ ማለትም ምንም። ስለ ቁልፍ ግን ንገረኝ ካላችሁት ቢመሽም አያቆምም። ጠራሁትና ከአንድ ብስኩት ጋር ቡና ሰጥቼ የብስኩቱን ጣሳ ከደንኩ።

"ከመጠምጠም መማር ይቅደም" አለ፣ መነጽሩን እያደረገ። "በይ ኢንተርኔቱ የሚለውን አንብቢልኝ።"

መጀመሪያ ያገኘነው ቀላሉን ነው። ኩባንያ ዘንድ ሂሳብ ትከፍታለህ፣ መታወቂያህን ታሳያለህ፣ እነሱ ይይዙልሃል። የይለፍ ቃል ብትረሳ ስትደውል ይመልሱልሃል። እኔ ወደድኩት።

"ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?" አለ ሉበርት።

"እነሱ ዘንድ።"

"እንግዲያው ተከራይ ነሽ።"

"ተከራይነት ምን ነውር አለው? ዕድሜዬን ሙሉ ተከራይቼ አይደል የኖርኩት?"

"ነውርማ የለውም። አከራይሽ የከሰረ ዕለት ግን ዕቃሽ ውስጥ፣ አንቺ ደጅ።"

ቀጥሎ ስልክ ላይ የሚጫነውን አየን። በነጻ ነው። ሲከፈት አሥራ ሁለት ቃላት ያወጣል፤ ተራ የእንግሊዝኛ ቃላት፣ ወንበር፣ ዝናብ፣ ምናምን። ስልክህ ቢጠፋ እነዚያን ቃላት በቅደም ተከተላቸው ሌላ ስልክ ላይ ስትጽፍ ገንዘብህ ይመለሳል ይላል። እኔ ደግሞ ይላል በሚባል ነገር አላምንም። ቲመንን "እስቲ ለሙከራ አሥር ዩሮ ላክልኝ" አልኩት። ላከ። ቃላቱን ወረቀት ላይ ገለበጥኩና ዋሌቱን ከስልኬ ላይ አጠፋሁት።

"ምን አደረግሽ?" ብሎ ሉበርት ብስኩቱ ትን አለው።

እንደገና ጫንኩት፣ አሥራ ሁለቱን ቃላት አንድ በአንድ አስገባሁ። አሥሯ ዩሮ እዚያው ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ! እንደ ሕፃን አጨበጨብኩ። ገንዘቡ ለካ ስልኩ ውስጥ አልነበረም፤ ስልኩ ቁልፍ መያዣ ብቻ ነው፣ ቃላቱ ደግሞ ቁልፉ ራሱ። ይህ ሲገባኝ የተሰማኝን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም።

ይሁን እንጂ እኔ ስልኬን ዓሣ መሸጫው ላይ ሦስት ጊዜ ረስቼ የመጣሁ ሰው ነኝ። ለአሥር ዩሮ ምንም አይደል፤ ለሲበ ጀልባ ገንዘብ ግን ልቤ አልቆርጥ አለኝ። ስለዚህ ሦስተኛውን አሰብን፤ ቁልፉን ኢንተርኔት ከማይነካው ቦታ የሚይዝ፣ ፍላሽ የምታክል ትንሽ መሣሪያ። አንድ ሰው ያገለገለ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል ተብሎ ኢንተርኔት ላይ አየሁና ብስክሌቴን ይዤ በባቡር ኔይሜኸን ከተማ ድረስ ሄድኩ። ሰውየው ትሁት ነው። ሣጥኑን ከፈተልኝ፤ ውስጡ አሥራ ሁለቱ ቃላት ቆንጆ ሆነው የታተሙበት ካርድ አለ። "እንዳይደክምዎት ብለን አዘጋጅተነዋል" አለኝ።

"ካርዱን ያዘጋጀው ማነው?" አልኩት። ሣጥኑን መልሶ ከደነ። ዞር ብዬ ብስክሌቴ ላይ ወጣሁ።

ለሉበርት ስነግረው ጠረጴዛውን መታ። "ወይ ዓይን አውጣ! ቁልፉን ሊሸጥልሽ፣ ቅጂው ኪሱ ውስጥ! እኔ በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለውን ሰው ሁለቴ ነው ያስያዝኩት።" ከዚያ በኋላ ከሠሪው በቀጥታ አዘዝኩ። በፖስታ መጣ፣ ማሸጊያው እንዳለ ነው፣ ቃላቱንም መሣሪያው ራሱ ዓይኔ እያየ አወጣቸው። ቲመን ገንዘቡን ላከ፣ ጀልባዋን እየነዳ ሄደ። ትንሽ አለቀስኩ።

እንግዲህ አሁን የሚመጣው የኔ ጥበብ ነው። ሉበርት "ፎቶ አታንሺ፣ ኮምፒውተር ላይ አትጻፊ፣ ለማንም አታሳዪ" ብሎኛል። እሺ፤ ግን ወረቀት ይጠፋል። እኛ ቤት መቼም የማይጠፋው ወረቀት አንድ ብቻ ነው፤ ሽንት ቤት በር ላይ የሚንጠለጠለው፣ የዘመድ ሁሉ ስም በተወለደበት ቀን የሚጻፍበት የልደት ቀን መቁጠሪያ። ዓመተ ምሕረት የለበትም፣ አይጣልም፣ የገዛ እናቴ የሰቀለችው ነው። አሥራ ሁለት ወር፣ አሥራ ሁለት ቃል! ቅደም ተከተሉም አይፋለስም። በየወሩ አንዳንድ ባዶ ቀን መረጥኩና ቃላቱን እንደ ሰው ስም አድርጌ፣ በዚያው በለመድኩት ሰማያዊ እስክሪብቶ ጻፍኳቸው። ሌባ ቢገባ ቀን መቁጠሪያ ይሰርቃል? በራሴ ኮራሁ። ለሉበርትም አልነገርኩት።

ሰባ ዓመት የሞላኝ ቃላቱን ከጻፍኩ በሦስተኛው ሳምንት እሑድ ነው። ከሰዓት በኋላ ወንበሮቹን ክብ አድርገን ደረደርን፤ እንደ አገራችን ልማድ አሥራ አራት ሰው እርስ በርሱ እንኳን ደስ ያለህ፣ እንኳን ደስ ያለሽ ተባብሎ ኬኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። የሲበ እህት ፌና ከሽንት ቤት እየሳቀች ወጣች።

"አልትየ፣ ማርች ሃያ ሁለት የተወለደው መሰላል ማነው?"

ክው አልኩ።

"ኧረ ጁን ላይ ጭጋግ የሚባልም አለ! ኦገስት ላይ ሽንኩርት! ሽንኩርት እንኳን ደስ ያለህ ልበለው?" ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ አልሳቅሁም።

"ስንቱን ገጽ አየሽው?"

"አሥራ ሁለቱንም ነዋ! በሳቅ ፍርስ ብዬ። ፎቶ አንስቼ ለቤተሰቡ ግሩፕ ላክሁት፤ ሰዎቹን የሚያውቃቸው አይጠፋም ብዬ።"

ፌና ልቧ ንጹሕ ነው፣ ጣቷ ግን አያርፍም። ያ ግሩፕ አርባ አንድ ሰው አለበት፤ ግማሹን በዓይኔ አይቼው አላውቅም።

ሉበርት ነገሩ ቀድሞ ገባው። "ሽንት ቤት?" አለ ቀስ ብሎ። "አልትየ፣ ሽንት ቤት ውስጥ? ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ!" ቀጥሎ የገባት ማክቴልት ናት። ከወንበሯ ተነሳች፣ ፊቷ አመድ መሰለ። "እማዬ" ብቻ አለች። ያ "እማዬ" ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ካርድሽን አምጪ ማለት ነው።

ትሮሊ አውቶቡስ ሲነዱ የጣሪያው ዘንግ ከሽቦው ላይ የሚወጣበት ጊዜ አለ። መብራት ድርግም ይላል፣ መንገደኛ ይጮኻል። ሾፌሩ ይወርዳል፣ ገመዱን ይዞ ዘንጉን ይመልሳል፣ ይነዳል። መጮህ የመንገደኛ ሥራ ነው። ተነሳሁ፣ መሣሪያውን ከመሳቢያ አወጣሁ፣ ተመልሼ ክቡ መካከል ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።

"እስቲ አምጪው እኔ..." አለ ሉበርት፣ እጁን ዘርግቶ።

"እጅህን ሰብስብ!"

የተነበበ ቁልፍ አይታጠብም። ሌላ በር ያስፈልጋል፤ ሌላ በር ደግሞ አለኝ፣ ያቺ አሥር ዩሮ ያለባት የስልኬ ዋሌት። የራሷ አሥራ ሁለት ቃላት አሏት፣ ማንም አላያቸውም። አድራሻዋን ገለበጥኩ። መሣሪያው ትንሿ መስኮት ላይ ያወጣውን አድራሻ ከስልኩ ጋር ፊደል በፊደል አስተያየሁ። ሁሉንም ላክ አልኩት። እርግጠኛ ነሽ ወይ አለኝ። አዎ የሚለውን ተጫንኩ።

"አለቀ?" አለች ፌና በሹክሹክታ። ምን እንዳደረገች በዚህ መካከል ነግረዋት ኬኳን አልነካችም።

"ገና ነው። የቢትኮይኑ መዝገብ ላይ እስኪሰፍር እንጠብቃለን።"

አሥራ አራት ሰው አንዲት ስልክ ከቦ ቁጭ አለ። ከመካከላቸው ማንም የማያውቀው ነገር ስለሆነ ሁሉም አንገቱን አሰገገ። አንዱ "ከሌላ ሰው ጋር እየተሽቀዳደመች ነው እንዴ?" ይላል፤ ሌላው "ዝም በል፣ ይሰማሃል" ይላል፣ ማን እንደሚሰማው እንጃ። ማክቴልት ከኋላዬ ቆማለች። ትንፋሿ ጆሮዬ ላይ ይሰማኛል። በአሥራ ስምንተኛው ደቂቃ ስልኩ ድምፅ ሰጠ። ገብቷል። ሉበርት ብድግ ብሎ ሲያጨበጭብ ኬኩ ምንጣፉ ላይ ወደቀ።

እንግዶቹ ከእራት በፊት ሲወጡ ማክቴልት ቀረች። ስድቡን እየጠበቅኩ ሳህን ማጠብ ጀመርኩ። ፎጣ አንስታ ማድረቅ ያዘች።

"አሸንፈሻል" አለች።

"በሽንት ቤት በኩል ዞሬ ነው ያሸነፍኩት።"

አልሳቀችም። "እማዬ፣ ገንዘብሽን ፈልጌ ይመስልሻል? አባዬ የሞተበትን ጊዜ ረስተሽዋል? ኢንሹራንሱ የት ነው፣ ኮንትራቱ የት ነው፣ ኮምፒውተሩ በምን ይከፈታል፣ አንቺ እያለቀስሽ፣ እኔ መሳቢያ ለመሳቢያ ስድስት ሳምንት። ላለቅስ ጊዜ አላገኘሁም እኮ። ሁለተኛ እንደዚያ መሆን አልችልም።" ያንኑ ሳህን ደጋግማ ጠረገች። ይህን ሁለት ዓመት ሙሉ አልነገረችኝም። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ አልጠየቅኳትም፣ ሰውን ሁሉ ስለ ሽቦና ስለ ቁልፍ እየጠየቅኩ ሳሰለች የኖርኩት ሴትዮ።

እጄን ጠረግኩ። መሣሪያውን አምጥቼ ያለበትን አሮጌ ቁልፍ አጠፋሁና አዲስ ቃላት እንዲያወጣ አደረግኩ። ወረቀት ላይ ጻፍኳቸው። ማክቴልት እያየች እንዳይመስለኝ ወደ መስኮቱ ዞረች። ገንዘቡን ወደ መሣሪያው መለስኩት፤ ወረቀቱን ይዤ ወደ ላይ ወጣሁና አስቀምጬ ተመለስኩ።

"ነይ፣ የት እንዳስቀመጥኩት ልንገርሽ" አልኳት።

"አይ እማዬ፣ ተይው። ያንቺ ነው፤ እኔን አያገባኝም ብያለሁ። በኋላ ትነግሪኛለሽ።"

"አባትሽም በኋላ፣ በኋላ እያለ ነው የሄደው።"

ፎጣውን አስቀመጠች። ቤቱ ውስጥ ከኛ ሌላ ማንም አልነበረም፤ ቢሆንም ወደኔ ጎንበስ አለች፣ እኔም በጆሮዋ ነገርኳት።