ሦስት መቶ ሰው ከሊማሊሞ

መሸነፍ አልወድም። ዛሬም አልወድም፤ ያኔ በዐሥራ ሰባት ዓመቴ ደግሞ ከነጭራሹ የሚቻለኝ አልነበረም። ጎንደር ላይ የቀበሌያችን ወጣቶች ማኅበር ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በአዳራሹ ክርክር ያዘጋጅ ነበር። እኔ ወይንሸት፣ የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ሠራተኛ ልጅ፣ ገና ከወንበሬ ብድግ ስል ጭብጨባው ይቀልጣል። ብሬክ ዳንስ ለወጣቱ ይጠቅማል ብዬ ተከራክሬ ረትቻለሁ። በወሩ ደግሞ ብሬክ ዳንስ ወጣቱን ያበላሻል ብዬ ረትቻለሁ። ወገናችን በዕጣ ነበር የሚደርሰን፤ አንቺ ራስሽ ምን ታስቢያለሽ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

በ1978 ዓመተ ምሕረት ክረምቱ ሊገባ ሲል የዙህራ አጎት ከጅዳ መጣ። ዙህራ የአዲስ ዓለም ሰፈር ነጋዴ ልጅ፣ የክፍል ጓደኛዬ ናት። አጎቷ ለሌሎቹ ሽቶና ሻሽ ሲያመጣ ለእሷ መዳፍ የምታክል የኤሌክትሮኒክ መጫወቻ ይዞላት መጣ። መስታወቷ ላይ ትናንሽ ጥቋቁር ሰዎች ከገደል አፋፍ እየተንሸራተቱ ይወርዳሉ። ከሥር አንድ ሰውዬ ጨርቅ ዘርግቶ ግራና ቀኝ ይሯሯጣል፤ የምናሯሩጠው እኛ ነን፣ በሁለት ቁልፍ። የተያዘ ሰው ሁሉ አንድ ነጥብ ነው። ሦስት ሰው ከወደቀ ጨዋታው አለቀ።

ጉድ ነበር! የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አበደ። ገደሉን ሊማሊሞ አልነው፤ የሰውዬው ጨርቅም ጋቢ ሆነ። የአዳራሹ ዘበኛ አያ ላቀው የድብ ባሕር ሰው ስለሆኑ እውነተኛውን ሊማሊሞ በእግራቸው ያውቁታል። አንድ ቀን በትከሻችን አጮልቀው አዩና «ምነው ልጆቼ፣ መጫወቻ ጠፍቶ ነው በኛ ገደል?» ብለው አሳቁን።

ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ነጥብ አስመዝግቤ የሰፈሩ አንደኛ ሆንኩ። ለአንድ ሳምንት ያህል ሰው አላስቀመጥኩም። ዙህራ ግን ከእኛ ጋር አትወዳደርም ነበር። ለብቻዋ ጥግ ይዛ ትጫወትና ስንት እንዳገባች ስንጠይቃት ፈገግ ብላ ታልፈናለች።

ወሬው የማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ካሣዬ ጆሮ ገባ። የቅዳሜው ርእስ ወዲያው ተለጠፈ፦ «የኤሌክትሮኒክ መጫወቻ ወጣቱን ያነቃል ወይስ ያዘናጋል?» ዕጣው ወጣ። «ያዘናጋል» ለእኔ፣ «ያነቃል» ለዙህራ ደረሰ። ዙህራ ሰው ፊት ቆማ ተናግራ አታውቅም።

«ወይንዬ፣ ቀስ በይልኝ እሺ?» አለችኝ በጆሮዬ።

«አይዞሽ» አልኳት። ከልቤ ነበር።

ዙህራ ተነሣች። «ትዕግሥት ታስተምራለች» አለች በማይሰማ ድምፅ። «ዐይንሽን ከሰው ላይ እንዳትነቅዪም ታስተምራለች።» ይኸው ነው፤ ተቀመጠች። ኋላ የተቀመጡት ሳቁ። ያኔ ተራዬ ደረሰ። እኔም ቀስ ብዬ ነበር የጀመርኩት። ሁለት ዐረፍተ ነገር ሳልጨርስ አጨበጨቡልኝ፤ ከዚያ በኋላ ማን ይያዘኝ!

«ጓዶች! ወንድሞቻችን ግንባር ላይ እየወደቁ፣ እኛ የማይሞቱ ሰዎች በጋቢ እንቅለብ?»

አዳራሹ ተነቃነቀ። በፉጨት፣ በጭብጨባ፣ በእግር ድብደባ ጣሪያው ሊነሣ ደረሰ። በአንድ ድምፅ ረታሁ።

ያን ጊዜ ማንኛውም ስብሰባ ያለ አቋም መግለጫ አይዘጋም ነበር፤ ክርክራችንም ስብሰባ ነው። የረታው ወገን ሐሳብ ተጽፎ ይነበብና እጅ ይወጣበታል። እስከዚያ ቀን ድረስ ከቁም ነገር የቆጠረው ሰው አልነበረም፤ ብሬክ ዳንስ ተይዞ መሳቢያ ውስጥ አይቆለፍበትም። መጫወቻ ግን ይቆለፍበታል። ጓድ ካሣዬ መነጽሩን አድርጎ «በዚሁ መሠረት አዘናጊ የሆነው መጫወቻ ከዛሬ ጀምሮ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እንዲቀመጥ ወስነናል» ብሎ አነበበ። እጅ ወጣ። የእኔም እጅ ከሁሉም ጋር ወጣ፤ ወጥቶ ነው ያየሁት።

ዙህራ መጫወቻዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ወጣች። ዞር ብላም አላየችኝ።

ሰኞ ክፍል ውስጥ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕ አላስችል ብሎኝ አዲስ ዓለም ወረድኩ። ዙህራ በአባቷ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ጨርቅ ታጥፍ ነበር።

«ለመጫወቻ ብለሽ ነው የምታኮርፊኝ?» አልኳት። ተይ አትበይ የሚለኝ ሰው አጠገቤ አልነበረም።

ማጠፏን ሳታቆም መለሰችልኝ። «ኸሊል መጨረሻ የጻፈልን ከደባርቅ ነው። ነገ ሊማሊሞን እንወርዳለን ብሎ። ከዚያ ወዲህ አራት ወር ደብዳቤ የለም።» ኸሊል ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ ሸኝቼዋለሁ፣ አውቃለሁ። ይህን እያወቅሁ ነው ያንን የተናገርኩት! «አንድ ሰው በያዝኩ ቁጥር ዛሬም ኸሊል አልወደቀም እላለሁ። ሞኝነት ነው፣ ወላሂ አውቃለሁ። ግን አንድም ሰው ካልወደቀብኝ ነው ምግብ የሚበላልኝ። አንቺስ ምን አጠፋሽ፤ እውነትሽን ነው። የማይሞቱ ሰዎች ናቸው።»

ፊቴ ነደደ። መጫወቻዋን ሳላስመልስላት ዐይኗን ማየት እንደማልችል ገባኝ፤ እያለቀስኩ ቤቴ ገባሁ።

ቅዳሜ ስብሰባው እንደወትሮው በግለ ሂስ ተከፈተ። ሰው ሁሉ «ባለፈው አርፍጄ መጥቻለሁ» ብሎ የሚገላገልበት ሰዓት ነው። እኔ ተነሣሁ። «ጓዶች፣ ባለፈው ቅዳሜ የማላምንበትን ተናግሬ አጨብጭባችሁልኛል። ዕጣው ስለደረሰኝና ማሸነፍ ስለምወድ ነው። ዙህራ ያለችው ልክ ነበር። ውሳኔው ይነሣ።» የኸሊልን ነገር አላነሣሁም፤ እሱ የእሷ ነው።

አዳራሹ አጉረመረመ። ጓድ ካሣዬ ግን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጨዋታም ይወዳል። «ትዕግሥት ታስተምራለች ነው የምትሉት? እንግዲያው ይታይ! ያንቺ ነጥብ ስንት ነበር?»

«ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት።»

«ሦስት መቶ ይግባ። አንድም ሰው ሳይወድቅ። ከገባ ትወስዳላችሁ፤ ካልገባ ዳግመኛ አይነሣም።»

እጄን ዘረጋሁ። «ላንቺ አይደለም» አለ፣ «ለባለቤቷ።»

ዙህራ ከኋላ መጣች። ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች፤ አዳራሹ በሙሉ ግልብጥ ብሎ ከበባት። ጮክ ብዬ የምቆጥረው እኔ ሆንኩ።

አንድ። ሁለት። ሦስት። እስከ ሃምሳ ሰዎቹ ዘና ብለው ነው የሚወርዱት። ከመቶ በኋላ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይመጣሉ። ከመቶ ሃምሳ በኋላ መዓት ነው! ጢጥ ጢጥ ጢጥ፣ ጣቷ አይታይም። ሁለት መቶ ስል ወንበር ላይ የቆሙት «በርቺ! በርቺ!» እያሉ ይጮኻሉ። ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት። ሁለት መቶ ዐሥራ ሦስት! በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሸንፌ ደስ አለኝ፤ ዘልዬ ሰው እግር ላይ ወጣሁ።

ሁለት መቶ ሰማንያ ሰባት ላይ ጋቢው ግራ ዳር ሳለ በቀኝ አንዱ ተንሸራተተ። «ምነው! ቀኙን ልጄ፣ ቀኙን!» ብለው አያ ላቀው ጮኹ። ያዘችው፤ ለጥቂት። እኔ ትንፋሼን አሁንም የመለስኩት አይመስለኝም።

«ሦስት መቶ!»

አዳራሹ ፈነዳ። ቆብ ወደ ላይ ተወረወረ፣ ሰው ተቃቀፈ። ጓድ ካሣዬ ራሱ ያጨበጭብ ነበር። «በቃ፣ በቃ! ያንቺ ናት፣ ውሰጃት!» አለ እየሳቀ።

ዙህራ ግን አላቆመችም።

ዐይኗን ከመስታወቷ አልነቀለችም፤ እንባዋ እስከ አገጯ ወርዷል፣ ጣቷ ይሠራል። ሰዎቹ መውረዳቸውን አልተዉም። ሰው ግራ ገብቶት ጸጥ እያለ መጣ። ጓድ ካሣዬ «ጓዲት፣ አልፈሻል እኮ» ብሎ እጁን ወደ መጫወቻዋ ሰደደ።

አያ ላቀው ክንዱን ያዝ አደረጉት። «ተዋት ጌታዬ» አሉት ቀስ ብለው። «ገና የሚወርድ ሰው አለ።»

አጠገቧ ተንበርክኬ መቁጠሬን ቀጠልኩ።

«ሦስት መቶ አንድ» አልኩ። «ሦስት መቶ ሁለት።»