የእብነ በረዱ ሕፃን አገጭ

ጌታ ባርዶ የሐር ነጋዴ ነው። በሐር ማንም አያታልለውም፤ በሌላው ነገር ግን ሁሉም ያታልለዋል። ሚስቱ ወይዘሮ ጂኔቭራ በስንት ዓመቷ ማርገዟን በሰማ ዕለት እየሮጠ ወደ ድንጋይ ጠራቢው ወደ ሜኦ ቤት መጣ።

«እመቤታችንን ከነልጇ በነጭ እብነ በረድ ጥረብልኝ። ከአልጋችን ፊት ለፊት ትቆማለች፤ ጂኔቭራ ጧት ማታ ትያት።»

«ለጸሎት ነው ጌታዬ?»

«ለጸሎትም ደግ ነው፤ እኔ ግን የምፈልጋት ለልጁ መልክ ነው! ይህን አፍንጫዬን አታየውም እንዴ? የአባቴ ነው፣ የአያቴም ነው። በእኔ ይብቃ! ነፍሰ ጡር ያየችውን ትወልዳለች፤ ነገር በዓይን ይገባል።»

ፍሎረንስ ውስጥ ይህን የማያምን የለም። ሜኦም ያምናል፤ በተለይ እንዲህ ያለ ሥራ ይዞለት ሲመጣ።

መከሩን ሙሉ ጠረበ። የሚሠራው እዚያው ቤቱ ምድር ቤት ስለሆነ ሚስቱ ፒፓ ውኃ ይዛ ባለፈች ቁጥር ቆም ብላ ታያለች። የባርዶ ጸሐፊ ኔሪም ሥራው የት እንደደረሰ ሊያይ በየቅዳሜው ይመጣል። ሜኦ ድንጋይ ሊመርጥ ወደ ወንዙ ወደብ በወረደ ቀን እንኳ ኔሪ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። «ይህ ሰው ለጥበብ ዓይን አለው» ይላል ሜኦ ደስ ብሎት። ፒፓም «አለው» ትላለች።

የሕፃኑን አገጭ ብቻ ስምንት ቀን አለሰለሰው። ልሙጥ ሆነ፣ ልክ እንደ እንቁላል። ሜኦ በዕድሜው ከሠራው ሁሉ እንደዚያ አገጭ የኮራበት ነገር አልነበረም።

እብነ በረዱ ባርዶ ቤት ገባ። ባርዶም ለንግድ ወደ ሩቅ አገር፣ ወደ ብሩዥ ከተማ ሄደ። ፀደይ ላይ ወይዘሮ ጂኔቭራ ወንድ ልጅ ወለደች፤ በሦስተኛው ሳምንት ሜኦን በጥድፊያ አስጠራችው። ሞግዚቷን አስወጥታ በሩን ዘጋችና የሕፃኑን መጠቅለያ ገለጥ አደረገችለት።

አፍንጫው፣ ተመስገን ነው፣ የባርዶ አይደለም። አገጩ ላይ ግን ምስር የምታስቀምጥ ስርጉድ አለች።

«ባርዶ ሐሙስ ይገባል» አለች ጂኔቭራ። «ይህ ስርጉድ በእኔም ዘር የለ፣ በእሱም ዘር የለ። ባሌ ሞኝ ነው እንጂ ዕውር አይደለም። እኔን ገዳም ያስገባኛል፣ ልጄን ከተጣሉት ሕፃናት ቤት ይጥልብኛል።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ እመቤቴ?»

ወደ እብነ በረዱ ሕፃን አገጭ ጠቆመችው። «እዚያ ላይ አንዲት ስርጉድ አውጣልኝ።»

«በስመ አብ! ስምንት ቀን የለፋሁበትን? ድንጋይ አንዴ ከተቦረቦረ አይሞላም እኮ!»

«ይሙላ ያለህ ማን ነው?» አለችና አለቀሰች።

ሜኦ ሕፃኑን አየው። ሕፃኑ አዛጋ። ሜኦን አሳዘነው፤ እመቤታችንን ይቅርታ ጠየቀና መሰርሰሪያውን አወጣ። ሦስት ዙር በቃው። ዱቄቱን እፍ ሲል ጂኔቭራ እጁን ይዛ እብነ በረዱ ላይ አስጫነችው፤ ለማንም፣ ለገዛ ሚስቱ እንኳ እንዳይተነፍስ አስማለችው።

የማን አገጭ ይሆን እያለ ደረጃውን ወረደ። ከታች ባለው የባርዶ ሱቅ ውስጥ ኔሪ ከሐሩ ቀና ብሎ ፈገግ አለለት፤ አገጩ ላይ ስርጉዷ ፍንትው አለች። ወይ ጉድ! ሜኦ ከንፈሩን ነክሶ መንገድ ላይ ደረሰና ግድግዳ ተደግፎ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

ሐሙስ ባርዶ ገባ። ልጁን ታቅፎ እብነ በረዱ ፊት ቆመ፤ አንዴ ይህን፣ አንዴ ያን አየ። ሲሄድ ያ አገጭ ልሙጥ እንደነበረ ትዝም አላለው፤ ባርዶ የሚያስተውለው ሐር ብቻ ነው።

«አላልኳችሁም!» ብሎ ጮኸ። «ስርጉዷ ሳትቀር! ነገር በዓይን ይገባል አላልኳችሁም!»

የሰፈሩ ሴት ሁሉ ሊያይ ጎረፈ። ወሬውም ከተማውን አዳረሰ። ሜኦ አንገቱን ደፍቶ ምስጋናውን ተቀበለ፤ በሆዱ ግን «አይ ባርዶ! አይ ወንድ!» እያለ ይስቅ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ እንጀራው ይኸው ሳቅ ሆነ።

ሐምሌ ሲገባ ፒፓም ወለደች። አዋላጇ ልጁን ስታሳቅፈው ሜኦ ጎንበስ ብሎ አገጩን አየ።

«ፒፓ... ይህች ስርጉድ?»

ፒፓ ከትራሷ ቀና እንኳ አላለችም። «ምነው ገረመህ? ያ የባርዶ ድንጋይ ስንት ወር እዚህ ቤት ቆመ? ውኃ ይዤ ባለፍኩ ቁጥር ሳየው አልነበር? አገር ያወቀውን አንተ ሠርተኸው ትጠይቀኛለህ?»

ድንጋዩ እዚህ ቤት በቆመ ጊዜ አገጩ እንቁላል ነበር። ይህን ልብ ብለው የሚያስታውሱት ከፍሎረንስ ሰው ሁሉ ሜኦና ጂኔቭራ ብቻ ናቸው። ሜኦ አፉን ከፈተ። ቢናገር መሐላው ይፈርሳል፣ ያ ያዛጋው ሕፃን ከተጣሉት ቤት ይገባል፣ ይሄኛውም ይከተለዋል። ፒፓንም ይወዳታል። አፉን መልሶ ዘጋ።

ክርስትና አባት እኔ ካልሆንኩ አለ ባርዶ። በማጥመቂያው ቤት ካህኑ እንደ ከተማው ልማድ፣ የተወለደውን ለመቁጠር፣ ለወንድ ልጅ ጥቁር ባቄላውን ሣጥን ውስጥ ጣለ። ባርዶም ሕፃኑን ከሰው ሁሉ በላይ ከፍ አደረገው።

«እዩማ! ከእኔው ልጅ ጋር ወንድማማች አይመስሉም?»

ሰዉ አጨበጨበ። ባርዶ እንባ አቅርሮ የሜኦን አንገት አቀፈ። «ወንድሜ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ያኔ ስነግርህ አምነኸኝ ነበር?»

«አሁን አምኛለሁ ጌታዬ» አለ ሜኦ፤ ልጁንም ከእጁ ተቀብሎ አገጩን በሻሽ ሸፈነለት።