አቤት ያልተባለበት ስም

ሴትዮዋን ዋሉያቲ ብለን እንጥራት። ሌላም ስም አላት፤ እሱን ገና ከመጀመሪያው አንስቼ አማቷን፣ ሽማግሌውን ምባህ ሱሮን፣ ከማስቀየም ግን ለጊዜው ዝም ማለቱ ይሻለኛል።

ዋሉያቲ በኢንዶኔዥያዋ ጃቫ ደሴት፣ ሶሎ ከተማ ውስጥ፣ ላዌያን ሰፈር፣ ሠላሳ ዓመት ባቲክ የሚባለውን ባለ ጥለት ጨርቅ ስታትም የኖረች ሴት ናት። የመዳቡን ማኅተም የጋለ ሰም ውስጥ ነክራ ነጭ ጨርቅ ላይ ታሳርፋለች። ሰሙ ደርሶ እንደሆነ የምታውቀው በጣቷ ጫፍ ነው። ከሰባት ወር በፊት ሆዷን ቆርጦ ያዛትና በወረዳው ሆስፒታል ትርፍ አንጀቷ ወጣ። ትርፍ አንጀት ማንም ያስወጣል፤ የእሷ ግን ሲከፈት እንደ ተልባ የሚዝለገለግ ነገር ሞልቶት ተገኘ። ካንሰር ነው አሏት፣ ያውም ሐኪሞቹ ራሳቸው እምብዛም የማያዩት ዓይነት። ከወጣው ሥጋ ትንሽ ተቆርጣ በሰም ታሽጋ ጃካርታ ተላከች፤ እዚያ በዘረ መሏ ላይ ያለውን ምልክት ያነባሉ፤ ውጤቱ የሚመጣው ወደ ትልቁ ሆስፒታል ነው።

«እዚያም ሰም?» ብላ ሳቀች ያን ጊዜ። ያን ጊዜ ገና ትስቅ ነበር።

ከሆስፒታል በወጣች በሳምንቱ ምባህ ሱሮ፣ የባሏ አባት፣ ሰማንያ ዓመታቸውን ይዘው መጡና አልጋዋ አጠገብ ተቀመጡ። ቁስሏንም አላዩ፣ መድኃኒቷንም አልጠየቁ።

«ስምሽ ነው» አሉ። «ከብዶሻል። ድሮም ብዬ ነበር። የማኅተም ሠራተኛ ልጅ ራትናኒንግሩም ይባላል? ቤተ መንግሥት ልትገቢ ነው?»

ይኸው፣ ስሙን ያነሱት እሳቸው ናቸው። እኔ የለሁበትም።

ጃቫ ውስጥ በሽታ የደጋገመው ሰው ስሙ ይቀየርለታል፤ ማንም አይገረምም። ቀይና ነጭ ገንፎ ተሠራ፣ ጎረቤት ተጠራ፣ ተጸለየ፣ ሴትዮዋ ዋሉያቲ ሆነች፤ ጤነኛዋ እንደ ማለት ነው። ምባህ ሱሮ ሲወጡ በር ላይ ቆመው አስጠነቀቋት። «አንድ ዓመት ሙሉ በድሮው ስም የሚጠራሽ ቢኖር እንዳትመልሺ። አቤት ያልሽ ቀን በሽታው መንገዱን አገኘ ማለት ነው።»

ባሏ ዋጊራን ሥራ ሲይዝ ለጉድ ነው። መታወቂያዋን አስቀየረ። ለትልቁ ሆስፒታል የተጻፈላትን ደብዳቤ በአዲሱ ስም አስጻፈ። የስልኳን ሲም ካርድ ሳይቀር ወንዝ ውስጥ ጣለው። የረሳት ነገር ብትኖር በሰም ታሽጋ ጃካርታ የሄደችውን ያቺን ትንሽ ሥጋ ነው።

በትልቁ ሆስፒታል የተቀበለቻት ዶክተር ሃፕሳሪ ነገሩን በግልጽ ነገረቻት። «ምልክቱ የዝግተኛው ዓይነት ከሆነ ሆድዎን ከፍተን እናጸዳለን፤ ከዚያ በሞቀ መድኃኒት እናጥበዋለን። የቸኳዩ ከሆነ መጀመሪያ በደም ሥር መድኃኒት እንሰጣለን። ውጤቱ ይምጣና እንወስን።» ተጠበቀ። በዋሉያቲ ስም ምንም አልመጣም። ሁለት ወር ሲሞላ ዶክተሯ ከዚህ በላይ መጠበቅ አልችልም አለችና ለትልቁ አንጀት ካንሰር የሚሰጠውን መድኃኒት በደም ሥሯ ጀመረችላት።

ከሁለተኛው ዙር በፊት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ዋሉያቲ ደም ልትሰጥ ከላቦራቶሪው መስኮት ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ልጅ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተጣራች፤ «ቡ» ማለት ወይዘሮ ነው።

«ቡ ራትናኒንግሩም! የጃካርታ ውጤት!»

የዋሉያቲ ጉልበት በራሱ ሊነሳ ብሎ ነበር፤ በሁለት እጇ ይዛ አስቀመጠችው። ልጅቷ ደግማ ተጣራች፣ ግራ ቀኝ አየች፣ ወረቀቱን መልሳ አስገባች።

ማታ ለባሏ ነገረችው።

«ያ የጠሩት ወረቀት ዶክተሯ የምትፈልገው አይደለም እንዴ?»

ዋጊራን ጭንቅላቱን አከከ። «ያ የእሷ ነው። ያንቺ ገና አልመጣም።»

«እኔ እሷ አይደለሁም?»

«ነበርሽ። አሁን አይደለሽም።»

«ታዲያ መድኃኒቱን የምወስደው ለማን በሽታ ነው?»

«እኔ ምኑን አውቄ! አባቴን ጠይቂያቸው» አለና ሲጋራውን ይዞ ወጣ። ዋሉያቲ አባቱን አልጠየቀችም፤ መልሳቸውን ታውቀዋለች። ወረቀቱ የእሷ ከሆነ በሽታውም የእሷ ነው። የእሷ ካልሆነ ደግሞ የትኛዋ ሴት ናት በየሁለት ሳምንቱ መርፌ የምትወጋው? ይህን ይዛ ስትገላበጥ ነጋ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በሁለተኛው ማክሰኞም ስሙ ተጠራ። በሦስተኛውም። ሦስተኛው ላይ አጠገቧ የተቀመጠች ሴት «ምን ዓይነት ግዴለሽ ሰው ናት! ውጤቷን እንኳ አትወስድም?» ብላ ስታማት፣ ዋሉያቲ «እውነትሽን ነው» አለችና ራሷን አብራ አማች። በዚህ መሃል መድኃኒቱ ሥራውን ይሠራል። በረዶ ያለበት ሻይ ስትጠጣ ጉሮሮዋን መርፌ የወጋት ያህል ያማታል። ከአራተኛው ዙር በኋላ ሥራ ቦታ ሄዳ እንደ ልማዷ ጣቷን ወደ ሰሙ መጥበሻ አስጠጋች፤ ምንም አልተሰማትም። ጨመር አድርጋ አስጠጋች። አጠገቧ ያለችው ሴት ጮኻ እጇን ስትጎትታት ጣቷ ላይ ሰም ደርቆ፣ ከሥሩ ቆዳው ውሃ ቋጥሮ ነበር። ያን ዕለት ፈራች። ከካንሰሩ ይልቅ ያ አስፈራት።

በአራተኛው ማክሰኞ የመስኮቷ ልጅ ትዕግሥቷ አለቀ። «ቡ ራትናኒንግሩም! ዛሬ የሚወስደው ከሌለ መዝገቡን እዘጋለሁ!»

ዋሉያቲ ተነሳች። አቤት አላለችም፤ ዝም ብላ ነው የሄደችው። መስኮቱ ጋ እስክትደርስ አንድ መላ መጥቶላታል።

«የኔ ልጅ፣ እኔ ዘመዷ ነኝ። ስጪኝ አደርስላታለሁ።»

«እናቴ፣ ለታካሚዋ ብቻ ነው የሚሰጠው። ለምን ራሷ አትመጣም?»

«አትችልም።»

«ታማ ተኝታለች?»

«አይ... እንደሱም አይደለም።»

«ከከተማ ወጥታ ነው?»

«ከቤተሰቡ... አሰናብተናታል። ጎረቤት ተጠርቶ፣ ገንፎ ተሠርቶ፣ ተጸልዮ...»

የልጅቷ ፊት ተለወጠ። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ውይ እናቴ! አላወቅኩም እኮ። ነፍሷን ይማር። እኔ ደግሞ በመጣችሁ ቁጥር ስሟን እየጠራሁ አቆስላችኋለሁ!»

ዋሉያቲ ሁለቱንም መልስ መዘነች። ሞታለች እንዳትል፣ ይኸው ቆማለች። አለች እንዳትል፣ ያቺ ሴት የለችም ተብሎ ገንፎ ተበልቷል። ልጅቷ ግን መልስ አልጠበቀችም። ከመሳቢያዋ ማኅተም አወጣች፣ ቀለሙ ላይ ጫን ጫን አደረገችው። ዋሉያቲ ማኅተሙን በግልባጭ አነበበችው፤ ሥራዋ ነውና ግልባጭ ማንበብ አይከብዳትም። «ሟች» ይላል።

ሠላሳ ዓመት ማኅተም አሳርፋለች። አንዴ ካረፈ እንደማይነሳ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። የልጅቷ እጅ ሲወርድ አየች።

«አቤት!» ብላ ጮኸች። «አቤት! እኔ ነኝ! ራትናኒንግሩም እኔ ነኝ! አለሁ!»

አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። ልጅቷ ማኅተሙን አየር ላይ እንደያዘች ቀረች። ራትናኒንግሩም ደግሞ፣ እንግዲህ እኔም በስሟ ልጥራት፣ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ በሽታው ሲገባ ጠበቀች። ምንም የገባ ነገር አልነበረም። ከጠዋት ጀምሮ ምግብ ስላልቀመሰች ራባት እንጂ።

ነገሩን ዶክተር ሃፕሳሪ ፊት ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ዶክተሯ ራሷ የጃቫ ልጅ ናት፤ አልሳቀችም። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ኬራስና ጂናስ የሚባሉ ሁለት ምልክቶች ተገኝተዋል። ቸኳዩን የሚያሳየው ሦስተኛው የለም።»

«በሽታውም ስም አለው?» አለች ራትናኒንግሩም፤ ጭራሽ ዞረባት።

«አለው፣ ያውም ጥሩ ስም። ዝግተኛው ነው። ከሆድ አልፎ አይሰራጭም። የሚያስፈልግዎ ጽዳቱና በሞቀ መድኃኒት መታጠቡ ነበር። ቢዘገይም አላለፈም፤ ወደ ጃካርታ እልክዎታለሁ።»

«በደም ሥሬ የወሰድኩትስ?»

ዶክተሯ «ለዚህ ዓይነቱ እምብዛም አይረዳም» አለች። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀን በጣቷ አሳየቻት። «የደረሰው ከሁለተኛው ዙር በፊት ነው። የት ነበሩ?»

«ፊት ለፊቱ» አለች። «አግዳሚው ላይ።»

ከበር ውጭ ተጠርተው የመጡት ዋጊራንና ምባህ ሱሮ ይጠብቃሉ። ዝግተኛው ነው ስትላቸው ሽማግሌው ፊታቸው በራ። «አላልኩሽም? አዲሱ ስም ነው አደብ ያስገዛው!»

«ምባህ፣ ሥጋው የተላከው ስሜ ሳይቀየር ነው። ዝግተኛው በከባዱ ስም ነው የመጣው።»

ዋጊራን አባቱን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ እንደገና ጭንቅላቱን አከከ። በማን ላይ መቆጣት እንዳለባት እሷም አላወቀችም። ሽማግሌው ስለወደዷት ነው ያደረጉት፤ ወንበሩ ላይ ጉልበቷን ይዛ የተቀመጠችው ራሷ ናት። ማልቀስ አማራት፣ እሱም እንቢ አላት።

ዶክተሯ የቀዶ ሕክምናውን ቅጽ ይዛ መጣች። «በየትኛው ስም ልሙላው?»

ሁሉም ሽማግሌውን አዩ።

«ሁለቱንም ጻፊው» አለች ሴትዮዋ። «ማንኛቸውም ሲጠሩ አቤት እላለሁ።»

እስክሪብቶ ተሰጣት። በጣቶቿ መካከል ይኑር ይውደቅ ስላልተሰማት ዓይኗን ሳትነቅል እያየችው ፈረመች።