የማይታወቀው የዝናብ ቁጥር

አስረሳሽ ወንዙ አፋፍ ላይ ያለውን ቤቷን አልለቅም ያለችው በታናሽ ወንድሟ ተማምና ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ጎረቤቶቿ ውጪ ሲሏት፣ "ወንድሜ ጎርፉን ከእንጦጦ ሳይነሣ ያውቀዋል፤ እናንተ ነቢይ የላችሁ!" እያለች ትስቅባቸው ነበር።

ወንድሟ ዘመንፈስቅዱስ ጡረታ የወጣ የፊዚክስ መምህር እንጂ ነቢይ አይደለም። እንጦጦ ላይ፣ በዳዳ በሚባል ገበሬ ማሳ ዳር፣ በባትሪ የሚሠራ የዝናብ መለኪያ ተክሏል። መለኪያው የዘነበውን ልክ በየደቂቃው በሬዲዮ ሞገድ ይልካል። ኮተቤ የመምህሩ ጣሪያ ላይ ያለው አንቴና ይቀበልና መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር ምልክቱን ፈትታ ወደ ቁጥር ትለውጠዋለች። ዝናቡ ከልኩ ካለፈ ራሷ ወደ አስረሳሽ ስልክ ትደውላለች። እንዲህ ያለ መሣሪያ ያላቸው ሌሎችም ስላሉ እያንዳንዱ መለያ ቁጥሩን አብሮ ይልካል። የእንጦጦው 87 ነበር፤ ኮምፒውተሯም የምታምነው 87ን ብቻ ነው።

በነሐሴ ወር በአንዱ ሰኞ 87 ዝም አለ። በምትኩ 214 የሚል እንግዳ ቁጥር ብቅ አለ። መምህሩ ከአዲሶቹ ፎቆች የአንዱ መለኪያ ይሆናል ብሎ ተወው። የእንጦጦውን መለኪያ አንቴና ነፋስ አዙሮበት እንደሆነ ገመተ፤ ጉልበቱን ስለሚያመው ዳገቱን ለቅዳሜ ቀጠረው።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ኮተቤ ላይ ፀሐይ ነበር። አስረሳሽ ደጃፏ ላይ ምስር ስትለቅም ጎርፉ ከላይ መጣ። ስልኳ አልጠራም።

እሑድ፣ በአስረሳሽ ሠልስት፣ በዳዳ ድንኳኑ ውስጥ ከመምህሩ አጠገብ ተቀመጠ።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ሆዴን ሲበላኝ ሰነበተ።"

"ምን?"

"ሰኞ ዕለት ባትሪውን ለሬዲዮኔ ተውሼው ነበር፤ ኳስ ነበረ። ሁለት ሰዓት እንኳ አልቆየ፣ እንደነበረ መለስኩት። ይሉኝታ ይዞኝ ነው ያልነገርኩዎት። በሱ ይሆን እንዴ?"

ዘመንፈስቅዱስ ተነሥቶ ኮምፒውተሯ ወዳለችበት ጓዳ ገባ። ባትሪው ወጥቶ ሲገባ መለኪያው አዲስ መለያ ቁጥር እንደሚያወጣ አንብቦ ነበር፤ ማን ይነካዋል ብሎ ግን ለበዳዳ አልነገረውም። ኮምፒውተሯ የማታምናቸውንም ምልክቶች መዝግባ ታስቀምጣለች። ሐሙስ ከሰባት ሰዓት ከሩብ ጀምሮ 214 የላከው ልክ ሳያቋርጥ ጨምሯል፤ አምስት ሚሊ ሜትር፣ አሥራ ሰባት፣ ሠላሳ አራት። ጎርፉ የደረሰው ስምንት ሰዓት ከሃያ ነው። አንዲት አሮጊት ቤቷን ቆልፋ፣ ተመልሳ መቆለፉን አይታ፣ አስፋልቱ ድረስ ቀስ ብላ ብትሄድ እንኳ የሚበቃት ጊዜ ነበር።

ሲመለስ በዳዳ ቀና ብሎ አየው። "እና ጋሼ?"

"ባትሪው ምንም አላደረገም።"

በዳዳ በረጅሙ ተነፈሰ። "ተመስገን! የፈጣሪ ሥራ ነው እንግዲያ።"

"የኔ ሥራ ነው" አለ መምህሩ። "ቁጥሩ መጥቶልኝ ነበር። አይቼ ነው የተውኩት። የገደልኳት እኔ ነኝ።"

"ኧረ በሥላሴ!" አለ የዕድሩ ዳኛ። "ቀኗ ደርሶ ነው እንጂ አንተ ዝናብ ታዘንባለህ?"

"214 ነበር፣ ስሙኝ..."

"ሐዘኑ ነው የሚያናግረው" አለች አንዲት ሴት። "ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም እኮ። እስቲ አጉርሱት።"

ሽሮ ቀረበ። ከሁሉ ቀድሞ እጁን የሰደደው በዳዳ ነው። ዘመንፈስቅዱስ ሊናገር አፉን ሲከፍት ጉርሻውን ገፋ አድርጎ አጎረሰው።