ከፊት ዓለምሸት፣ ከኋላ የሺዋስ

የሺዋስ መኪናውን «ባልቴቷ» ብሎ ይጠራታል፤ ሌላ ሰው እንዲህ ሲላት ግን አይወድም። ባልቴቷ በአራቱም ጎማ የምትነዳ፣ እንደ ሳጥን ቀጥ ያለች፣ ድሮ አረንጓዴ የነበረች አሮጌ መኪና ናት። ካምፓላ በገባ ሰሞን ከአንድ ከተዘጋ የእርሻ ድርጅት የገዛት ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ያልሠራችው ሥራ የለም፤ ሙሽራ አጅባለች፣ ምጥ የያዛት ሴት አድርሳለች፣ በዝናብ ጭቃ የዋጠውን መኪና ሁሉ መንጭቃ አውጥታለች። አንድ ቀን ግን ካምቢዮዋ ተንገራግጮ፣ ማርሽ ውስጥ እንደገባ ተጣብቆ ቀረ። የሺዋስ ማኬሬሬ ሰፈር በተከራየበት ግቢ፣ ፌኔ ከሚሉትና ፍሬው እንስራ ከሚያክለው ዛፍ ስር አቆማት።

ቆመች ማለት ግን ከአፉ አይወጣም። ሰው ሲጠይቀው «እያረፈች ነው» ይላል። ኦልድ ካምፓላ፣ ከትልቁ መስጊድ ቁልቁል ባለው የዓለምሸት ምግብ ቤት ተቀምጦ ይህንኑ ሲናገር ነበር ነገር የተበላሸው። ዓለምሸት ሳህን እያነሳች፣ «አርፋለች እንጂ ጋሽ የሺዋስ፤ ነፍስ ይማር» አለችው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የሺዋስም ብድግ ብሎ የእሷን ፒካፕ ጣራ ያለው ጋሪ ነው ብሎ ሰደበ፤ ምሳውን ጥሎ ወጣ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ከዚያ ወዲያ በዚያ በር አላለፈም። ቤቱ ለብቻው የሚያበስለው ፖሾ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ ሊጥ ሊጥ እያለ ቢያስቸግረውም፣ ኩራቱን አብሮ እየዋጠ ወራት አሳለፈ።

አንድ ጠዋት የግንበኞቹ አለቃ በሩን አንኳኳ። አከራይቱ ለተማሪዎች የሚከራዩ ክፍሎች እያስገነቡ ነበርና፣ ለመኪና መውጫ የቀረችው ክፍተት ማታ በብሎኬት ልትዘጋ ነው፤ መኪናዋ እስከዚያ ካልወጣች ግንቡ እስኪፈርስ እዚያው ናት አለው።

የሺዋስ ገመድ ፍለጋ ወደ ሐረሩ ብየዳ ሠሪ ወደ ዓሊ ሮጠ። ዓሊ ግን ገመድ አልሰጠውም። የባልቴቷ ፍሬን ሞተር ካልተነሳ ደህና እንደማይዝ፣ በካምፓላ ቁልቁለት ላይ በገመድ የተሳበ መኪና ደግሞ ሳቢውን ከኋላ መውጋቱ እንደማይቀር አስረዳው። ከዚያ ጥግ ካለው ቁርጥራጭ መሃል ሦስት ማዕዘን የሆነ ወፍራም የመጎተቻ ብረት ጎትቶ አወጣ። ሁለቱ እግሮቹ በባልቴቷ ፊት በብሎን ይታሰራሉ፤ ጫፉ ደግሞ ሳቢው መኪና ኋላ ላይ ባለች የብረት ኳስ ይገጠማል። አራት ጎማዋ መሬት ላይ እንዳለ፣ ጥጃ እናቱን እንደሚከተል ትከተላለች።

የሺዋስ ደስ አለው፤ ኳስ ያላት መኪና የማን እንደሆነች ጠየቀ። ዓሊ የብየዳ መነጽሩን ፊቱ ላይ አወረደና፣ «የዓለምሸት ፒካፕ» አለ።

የሺዋስ ዓይኑን በጨው አጥቦ ሄደ። ዓለምሸት ጓሮ ሽንኩርት ስትለቅም አገኛትና ችግሩን እየተንተባተበ ነገራት። ትስቅብኛለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ አለመሳቋ ይበልጥ ከበደው። እሺ አለች፤ ግን የምትነዳው እሷ ናት፣ ስለ አነዳዷም አንድ ቃል እንዲሰነዝር አትፈልግም። የሺዋስ ተስማማ።

ግቢው ሲደርሱ ዓሊ ብረቱን አስሮ፣ ጫፉን የፒካፗ ኳስ ላይ አስቀምጦ ቆለፈው። የሺዋስ የፊት ጎማዎቹን መቆለፊያ በእጁ ፈታ፤ የመሪው ቁልፍም እንዲላቀቅ አደረገ። ዓሊ ጎማዎቹን ከተጣበቀው ካምቢዮ ስለምታላቅቀው፣ ከዋናው ማርሽ አጠገብ ስላለችው አጭር ዘንግ ሊያስታውሰው ሲጀምር፣ «አንተ ሳትወለድ የማውቀውን!» ብሎ አቋረጠው። ዓለምሸት ሞተሯን አስነስታ ስትስብ ግን የባልቴቷ የኋላ ጎማዎች አልዞር ብለው ቀይ አፈሩን እያረሱ ተጎተቱ። አጭሯ ዘንግ መሃል ላይ አልነበረችም። የሺዋስ ማንንም ሳያይ ወደ ቦታዋ መለሳት።

ውስጧ ሰው መቀመጥ አያስፈልግም፣ ጎማዎቹ ራሳቸው ይከተላሉ ቢባልም አሻፈረኝ ብሎ ገባ። ሰው አልባ መኪና ነውር ነው የሚል ነበር ምክንያቱ። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ሰው መሪው ላይ ከታየ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ተጠጋግተው የሚሄዱ ሁለት መኪኖች ይመስላሉ ብሎ ነው።

ወጡ። መሪው በእጁ ውስጥ ራሱ ይዞራል። መጀመሪያ ሊታገለው ሞከረ፤ ኋላ እጁን እላዩ ላይ ጣል አድርጎ የሚነዳ መስሎ ተቀመጠ። በመታጠፊያው ሁሉ ፍሬቻ ፍለጋ እጁ ይሄዳል፤ በቁልቁለቱ እግሩ ፍሬን ይረግጣል። አንድ ቦዳ ነጂ በሞተር ብስክሌቱ ጎን ለጎን መጥቶ፣ «ምዜ፣ ማማ ወዴት እየወሰደችህ ነው?» ብሎ ጠየቀው፤ ምዜ ሽማግሌው ማለቱ ነው። የሺዋስ ፊት ለፊቱን እያየ አገጩን ከፍ አደረገ።

መንገዳቸው ንሳምብያ ወዳለው የመካኒኩ የደሬሳ ጋራዥ ነበር። ዓለምሸት ግን ማኬሬሬን እንደለቀቀች በኦልድ ካምፓላ በኩል ታጠፈች፤ ለካ ለአስተናጋጇ መልእክት ነበራት። የሺዋስ ስልክ ደወለላት፤ እየነዳች ስለነበር አላነሳችም። ከሩቅ የምግብ ቤቱን በረንዳ አየ። የዚያን ቀን የሳቁበት ደንበኞች አንድም ሳይቀር ተደርድረዋል። ቢያስብ ቢያሰላ ሌላ መላ አልመጣለትም። ከወንበሩ ተንሸራትቶ መሪው ስር፣ ጉልበቱን አገጩ ላይ አድርጎ ተጠቀለለ።

ፒካፗ ቆመች፤ ጥቂት ቆይታም ተነሳች። የሺዋስ አልወጣም። በዚያ ሰፈር በየሱቁ በር የሚያውቀው ሰው አለ፤ ትንሽ እንራቅ እያለ ቆየ። ከውጭ የሚታየውን ግን አላሰበውም። ውስጧ ማንም የማይታይባት አሮጌ መኪና መሪዋን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ እያዞረች በገበያተኛው መሃል ስታልፍ፣ አንዲት ቲማቲም ሻጭ ጮኸች። ተሸካሚዎች ሸክማቸውን አውርደው ከጎኗ ይሮጡ ጀመር። ቦዳዎቹ ጥሩምባ ለቀቁ። የሺዋስ ጫጫታውን ሲሰማ አደጋ የደረሰ መስሎት ይበልጥ አጎነበሰ። በመጨረሻ ነጭ ለባሿ የትራፊክ ፖሊስ እጇን አነሳችና ዓለምሸት ቆመች።

ፖሊሷ መስታወቱን በጥፍሯ መታ መታ አደረገች። የሺዋስ አቧራ የሞላ ጭንቅላቱን ከመሪው ስር ብቅ አደረገ። ሕዝቡ አጨበጨበ።

ፖሊሷ በእንግሊዝኛ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ ጠየቀችው። ሾፌር ከሆነ መንጃ ፈቃዱን ያሳይ፤ ወለል ላይ ተኝቶ የሚነዳበትንም ምክንያት ያስረዳ። ሾፌር ካልሆነ ምንድን ነው? የሺዋስ ዙሪያውን አየ። ዓለምሸት ወርዳ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ቁልፏን በእጇ ይዛ ቆማለች። ከወጣትነቱ ጀምሮ ሾፌር ተብሎ ከመጠራት በቀር ሌላ ስም ኖሮት አያውቅም።

«ተሳፋሪ ነኝ» አለ።

ፖሊሷ ራሷን ነቀነቀች። ተሳፋሪ የሚቀመጠው ፊት፣ ከማማ አጠገብ ነው ብላ በጣቷ አሳየችውና ለቀቀቻቸው።

የሺዋስ ወርዶ ፒካፗ ውስጥ ገባ።

«የዚያን ቀን የተናገርኩት ስለ መኪናዋ ነበር» አለች ዓለምሸት ኋላ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል። «እርስዎ ግን ራስዎ የሞቱ ያህል ተቆጡ።»

«ሰው ሳቀብኝ።»

«ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ። በማግስቱ ደግሞ ምሳዎን ከድኜ ጠበቅኩ። በሳልስቱም።»

የሺዋስ ይህን አያውቅም ነበር። ማቶኬ የሚሉትን የወጥ ሙዝ የጫነ ብስክሌት በመስኮት ሲያልፍ ዞሮ አየ።

«ፒካፕሽ ጋሪ አይደለችም» አለ።

«አውቃለሁ።»

የንሳምብያ ዳገት ላይ ሲደርሱ፣ ከትልቁ ሆስፒታል ሳይደርሱ መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ ቆሙ። ከፊታቸው ያለው ሲንቀሳቀስ ዓለምሸት እግሯን ከፍሬን አነሳች፤ ባልቴቷ ግን በክብደቷ ወደ ኋላ ጎተተቻቸው። ከኋላ ያለው ታክሲ ጮኸ። ደግማ ሞከረች፤ አሁንም ተንሸራተቱ። የሺዋስ ቃል ገብቷልና ምላሱን ነክሶ ተቀመጠ።

«የእጅ ፍሬኑን ሳበው!» አለች። «አንተ፣ ሳበው እንጂ!»

ሳበው። መኪኖቹ ቀጥ አሉ። «በል ስልህ ቀስ ብለህ ልቀቅ» አለችው። ቤንዚን ሰጠች፣ ፍሪሲዮኑን በቀስታ ለቀቅ አደረገች፤ የሞተሩ ድምፅ ወፈረ፣ የፒካፗ አፍንጫ ትንሽ ከፍ አለ። «በል» አለች። እጁን አላላ፤ ሁለቱም መኪኖች እንደ አንድ ሆነው ዳገቱን ያዙ። በቆሙ ቁጥር እንዲሁ አደረጉ። ጫፍ ሲደርሱ ዓለምሸት «በል» ማለቱን ትታው ነበር፤ እሱም የሞተሩን ድምፅ ብቻ እየሰማ ይለቃል። እርስዎ ማለቷም እዚያው ዳገት ላይ ቀረ። የሺዋስ ልብ ብሏል፤ ግን እንዳያሳፍራት ብሎ አላነሳባትም።

ደሬሳ ባልቴቷ ስር ገብቶ ወጣ። ካምቢዮው ተፈትቶ ጥርሱ መቀየር አለበት፣ ዕቃውም እስኪገኝ ዝናቡ ይመጣል ይሄዳል አለ። ሌላ ቀን ቢሆን የሺዋስ ይሟገተው ነበር። አሁን ግን ጣራዋን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ፣ አደራህን ብቻ አለው። ብረቱ ተፈትቶ መኪኖቹ ሲለያዩ ዞሮ ባልቴቷን አየና፣ ራበኝ ብሎ ወደ በሩ አመራ።

ረሃብም ነበረበት። ጋራዡ በር ላይ አንዱ ሮሌክስ የሚሉትን ምግብ ይሠራል፤ እንቁላሉን በጋለ ብረት ላይ ዘርግቶ በቂጣ እየጠቀለለ። ሁለቱም ቆመው በሉ። ዓለምሸት ነገ ምሳ ይመጣ እንደሆነ ጠየቀችው። የሺዋስ አፉ ሙሉ ነበርና ራሱን ብቻ ነቀነቀ፤ ከዋጠ በኋላ ደግሞ በቃል፣ «እመጣለሁ» አላት።

ጢሙ ላይ እንቁላል ቀርቶ ነበር። ዓለምሸት አይታዋለች፤ ግን ኦልድ ካምፓላ እስኪደርሱ ድረስ አልነገረችውም።