በምርቃቱ ዕለት የዞረው ነፋስ

አርባ ኤከር የከብት ግጦሽ ደልድዬ መሬቱን ለከተማው ሰጠሁ። ውላችን አጭር ነበር። ሜዳው አውሮፕላን ማረፊያ ይሆናል፤ የፖስታ አውሮፕላን መመላለስ ሲጀምር እኔ በደሞዝ ጠባቂ እሆናለሁ። እስከ ሰኔ መጨረሻ ካልተመረቀ መሬቱ ይመለስልኛል።

በምርቃቱ ዕለት የፖስታው ሹም በአውሮፕላን መጥቶ ሜዳውን ሊያይ ነበር። ካልተስማማው የፖስታ መስመሩ ለሃርዊክ ከተማ ይሰጣል።

በዋዜማው ከንቲባችን ክሎይስ ታብስ የሜዳውን ሰሜናዊ ግማሽ ለመኪና ማቆሚያ ከለለ።

«ክሎይስ፣ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ዞሮ ከደቡብ ይመጣል» አልኩት። «አብራሪ የሚያርፈው ፊቱን ለነፋሱ ሰጥቶ ነው፤ ስለዚህ በሰሜን በኩል ይገባል። ሜዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያስፈልገዋል። መኪኖቹን ከአጥር ውጭ አድርግ።»

«ሴቶቹ ባለተረከዝ ጫማ አድርገው አጥር ይዝለሉ? አርቪድ፣ አንተ ሣርህን እጨድ።»

በማግስቱ ሁለት መቶ መኪና ቆመ። ሰዉ ዶሮ ጥብሱንና ፓዩን ይዞ በየጥላው ተበተነ። ስምንት ሰዓት ላይ ነፋሱ ዞረ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አውሮፕላኑ መጣ።

ዝቅ አለ፤ መኪኖቹን ሲያይ መልሶ ከፍ አለ። ዞረ። ሕዝቡ አጨበጨበ።

«መኪኖቹን አንሱ! ማረፊያ አጥቶ ነው!» እያልኩ ሮጥኩ።

ጎረቤቴ ወይዘሮ ሄድዊግ የዶሮ እግር እንደያዘች ሳቀችብኝ። «ኧረ ተወን፣ አርቪድ! ሰውየው ትርኢት እያሳየን ነው። ደስታ የሚባል ነገር አይነካካህም?»

«መኪናሽን አስነሺ፣ በፈጠረሽ!»

«ማስነሻው ባሌ ጋ ነው። ባሌ ደግሞ የት እንዳለ አንተ ፈልገው።»

አውሮፕላኑ ሦስት ጊዜ ዞረ። የከተማው የሙዚቃ ባንድ በየዙሩ እየደመቀ ነፋ። በመጨረሻ አውሮፕላኑ ክንፉን አዘንብሎ ወደ ሃርዊክ ሄደ። ሰዉ መሐረብ እያውለበለበ ሸኘው። ክሎይስ ሪባኑን ቆረጠ።

በሳምንቱ ከፖስታው ሹም ደብዳቤ ደረሰ። በባቡር ነው የመጣው። መስመሩ ለሃርዊክ ተሰጥቷል።

ክሎይስ ቢሮ ሄድኩ።

«መሬቴን መልስልኝ።»

«በምን ምክንያት?»

«አውሮፕላን አላረፈበትም።»

«ውሉ ‹ካልተመረቀ› ነው የሚለው።» ጋዜጣውን አዙሮ አሳየኝ። መቀሱን እንደያዘ በፎቶግራፍ ወጥቷል። «ሁለት ሺህ ሰው ያየውን ምርቃት እንዴት አልተመረቀም ልበል? ይልቅ ሣሩ አድጓል ይላሉ። መቼ ነው የምታጭደው?»