የልደት እጅና የኦመር ቀበቶ

ከኦምዱርማን ማዶ፣ ከካላክላ ሰፈር እስከ ጀሪፍ ብትዞሩ፣ እጁ ከሚዛን ይልቅ የሚታመን ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሷም ልደት ናት። እንዲህ ያለው ማነው? ራሷ ልደት።

"ሁለት ኪሎ ካልኩ ሁለት ኪሎ ነው! ሚዛኑ እኔን አይቶ ይስተካከል!" ትላለች፣ የቀለጠውን እርሳስ በጭልፋ እየቀዳች ፎርማው ውስጥ ስታንቆረቁር። ሲበርድላት ደግሞ ሳትመዝን ቁጥር መምቻውን ብረት ደግና በመዶሻ ጧ! ሁለት ቁጥር ታትሞ ይቀራል።

ጭልፋው የእሷ ከሆነ ገና ወሩ ነው። የአጎቷ የጋሽ ተድላ ነበር። ጋሽ ተድላ ጀሪፍ ላይ፣ አባይ ዳር ባለች ቆርቆሮ ቤት፣ የወዳደቀ እርሳስ እያቀለጠ ለዓሣ አጥማጆች መረብ፣ ለጠላቂዎች ደግሞ ቀበቷቸው ላይ የሚሰካ ክብደት ይሠራል። ትኩስ እርሳስ እጁን ሲልጠው "እኔ አለሁ አይደል!" ብላ ጭልፋውን ነጠቀችው። ከዚያ በፊት አርካዊት ሰፈር ሰው ቤት ሳህን አጣቢ ነበረች። ወደዚያ ከምትመለስ እርሳሱን ብትጠጣው ይሻላታል።

አንድ ጠዋት ኦመር ውሃው ከላዩ እየተንጠባጠበ ገባ። ኦመር ወንዙ ሥር እየጠለቀ የአትክልት ማጠጫ ፓምፖችን አፍ የሚጠርግ ሰው ነው። እናቱ የከሚሴ ሰው ስለሆኑ አማርኛው አይታማም፤ ሲናደድ ግን ግማሹ ዓረብኛ ይሆናል። የመጥለቂያ ቀበቶውን ጠረጴዛው ላይ ጓ አደረገው።

"ያ ተድላ! ዳ ሽኑ? ምንድን ነው ይሄ? አራቱም እርሳስ ላይ ሁለት ይላል። የቀኙ ይጎትተኛል፣ የግራው ይንሳፈፋል። ወላሂ እንደ ሰካራም ተንጋድጄ የእኛን ፓምፕ ስፈልግ የጎረቤት ፓምፕ ሥር ወጣሁ!"

"ምናልባት ቀኝ ጎንህ ወፍሮ ይሆናል፣ ጋሽ ኦመር" አለች ልደት።

"ልደት!" አለ ጋሽ ተድላ።

"ምን አልኩ? ወፍሯል እኮ!"

ኦመር ዞር ብሎም አላያት። "ኸላስ፣ በቃ። የምታንቆረቁረው ይቺ ከሆነች ከነገ ጀምሮ ኦምዱርማን ነው የማሠራው።"

ጋሽ ተድላ ጭልፋውን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ። እሷ ደግሞ የአርካዊት ሳህን ክምር ታያት።

"ሚዛኑን አምጪ።"

"አላመጣም! ሚዛን ስኳር ይመዝን። ይሄ ውሃ የሚገባ ዕቃ ነው፣ ውሃው ይፍረደን። እኔው ታጥቄው እገባለሁ!"

እንቢ ካለች እንቢ ናት። ወንዙ ዳር ወረዱ። ጋሽ ተድላ ተንጠልጣይ ሚዛኑን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ተከተላቸው። ልደት ቀበቶውን ቀሚሷ ላይ ጥርቅም አድርጋ አሰረች። ኦመር በበኩሉ ወገቧን በገመድ አስሮ ጫፉን እጁ ላይ ጠመጠመ።

"ስሚ፣ ልኩ እንደ ድንጋይ መስመጥ አይደለም። አየር ይዘሽ ስትቆሚ ውሃው ዓይንሽ ላይ ይቆማል፤ አየሩን ስታስወጪ ቀስ ብለሽ ትወርጃለሽ፣ ሳትጋደይ። ከበዛ መውጣት ያቅትሻል፣ ካነሰ መውረድ። ገባሽ?"

"ማን መሰልኩህ?"

ገባች። ውሃው ደረቷ ላይ ሲደርስ መሬቱ ከእግሯ ሥር ጠፋ። ወዲያው ቀኝ ጎኗን አንድ ሰው ቀሚሷን ይዞ የጎተታት መሰላት፤ ግራዋ ሽቅብ ተነሣ። ዓይኗ ላይ ይቆማል የተባለው ውሃ አናቷን አልፎ ሄደ። "ወይኔ፣ ግራው ቀሏል" አለች በልቧ። ኦመር ገመዱን ስቦ እንደ ዓሣ ዳር ላይ ዘረጋት።

እሷ ጭቃ እየተፋች ስትስል፣ ጋሽ ተድላ አራቱንም እያወለቀ ሚዛኑ ላይ ሰቀላቸው። የቀኞቹ ልክ ናቸው። የግራዎቹ ጎደሉ። አንዱን በቢላ ፈቀፈቀው፤ ላዩ እርሳስ፣ ሆዱ አመድ።

"ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን ቆሻሻ ሳትገፍፊ ነው ያንቆረቆርሽው።"

"ውሃው ይሆናል ያሟሟው!"

"ልደት።"

"እሺ፣ ቸኩዬ ነው። ግን ሁለቱ ብቻ ናቸው! ጭልፋዬን ደግሞ አልሰጥም። መልሼ አቀልጣቸዋለሁ፤ ካስፈለገ አሥር ጊዜ!"

ጋሽ ተድላ ኦመርን አየው። ኦመር ትከሻውን ሰበቀ፤ "እስከ ነገ እጠብቃለሁ" አለ።

ጋሽ ተድላ በጨርቅ የተጠቀለለ እጁን ዘረጋ። "ጭልፋው ይቆይሽ። ቁጥር መምቻውን አምጪ። ከእንግዲህ ሚዛን ላይ ሳይወጣ ሁለት የሚባል ነገር የለም።"

ጥርሷን የነቀሏት ይመስል ከኪሷ አውጥታ ሰጠችው። ከዚያ ብድግ አለች፤ ጭቃው ከፀጉሯ እየተንጠባጠበ አገጯን ቀና አደረገች።

"የፈለጋችሁትን በሉ! ሰመጥኩ አልሰመጥኩም? የሠራሁት ክብደት ይሠራል!"

ኦመር ገመዱን እየጠቀለለ መለሰላት።

"የሰመጥሽው ዋና ስለማትችይ ነው።"